በፖስታ የሚመጣው የሰገራ ምርመራ፦ ቦርጭና ስኳር ላለበት ሰው ምን ያህል ያዋጣል?

ሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልገው፣ ኤፍአይቲ የሚባለው ምርመራ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ጠርሙስ፣ ሽንት ቤቱ ላይ የሚነጠፍ ወረቀትና ጠርሙሷን መልሶ ለመላክ የሚያገለግል ከረጢት፤ በቃ። አሜሪካ ውስጥ 45 ዓመት ለሞላው ሰው አብዛኛው ኢንሹራንስ በየዓመቱ ያለ ክፍያ ይሸፍነዋል። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ወገቡ ለሰፋ፣ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከፍ ላለ፣ ግን ምንም ሕመም ለማይሰማው ሰው፣ የትልቁን አንጀት ካንሰር ቀድሞ ለመያዝ በዋጋም በቅለትም ይህን የሚያህል ምርመራ የለም። ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን ጥቅሙ ይቀራል። በየዓመቱ ሳይቋረጥ መሠራት አለበት፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት፣ ግድ ነው።

ስኳርና ቦርጭን ከአንጀት ጋር ምን አገናኘው የሚል ብዙ ነው። ሆድ ዕቃን ከቦ የሚከማቸው ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ቆሽት ያንን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ ስለዚህ ስኳሩ ገና ሳይጨምር ኢንሱሊኑ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ኢንሱሊን ስኳር ከማውረዱ ሌላ ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙ ያደርጋል፤ አይጂኤፍ-1 የሚባለውን የእድገት ሆርሞን ሥራም ያጠናክራል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ራሱን የሚያድስ ክፍል በመሆኑ፣ የመባዛት ትእዛዝ ሳያቋርጥ ሲደርሰው የተበላሸው ሴልም ከጤነኛው ጋር አብሮ ይባዛል። ስቡ የሚያመነጫቸው የብግነት ንጥረ ነገሮች ሲጨመሩበት ነገሩ ይብሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ትርፍ የሰውነት ስብ እንደሚያባብሳቸው በቂ ማስረጃ አለ ካላቸው ካንሰሮች አንዱ የትልቁ አንጀት ነው።

መጠኑን አለማጋነን ይገባል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር አደጋው ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው 4 ያህሉ በዕድሜ ዘመኑ ይህ ካንሰር ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጭማሪው 4 የነበረውን ወደ 5 ማድረስ ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ስኳር በየቤቱ በገባበት ማኅበረሰብ ግን ትንሽ አይደለም። ደስ የሚለው ነገር፣ አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው፤ ፖሊፑ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ምርመራው የሚሠራው በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው።

"እኔ ቀጭን ነኝ" የሚለው መተማመኛ ለእኛ ሰው በተለይ አይበጅም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም፤ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ እጅግ ጨመረ። እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ኢትዮጵያዊው ክብደቱ ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰበት ደረጃ ላይ ሆኖ ስኳር እንደሚይዘው አሳይተዋል። ስለዚህ ሚዛኑን ትቶ ሜትሩን ማንሳት ይሻላል። የመጨረሻው ጎድንና የዳሌው አጥንት የላይኛው ጫፍ በጣት ይፈለግና በሁለቱ መካከል ሜትሩ ይዞራል፤ ልብስ ይነሳል፣ ሆድ አይሳብም፣ ትንፋሽ ወጥቶ እንዳለቀ ይነበባል። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካዊ እንዲሠራበት ያለው ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። አሜሪካ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው 102 እና 88 ስለሆነ "ደህና ነዎት" ተብሎ መመለስ አለ፤ በዚህ መታለል አይገባም። ከዚያ ሌላ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ፣ ግፊት 130/85 እና ከዚያ በላይ፣ ትራይግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በታች ከሆነ ይቆጠራል። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለበት ይባላል። ኪቱን፣ ማለትም የኤፍአይቲውን ፖስታ፣ ሊጠይቅ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ኤዋንሲን፣ አብሮ ያሠራ፤ 5.7 ከደረሰ ቅድመ ስኳር፣ 6.5 ከደረሰ ስኳር ነው።

አሁን ወደ ኪቱ። ኤፍአይቲ የሚፈልገው በዓይን የማይታይ የሰው ደም ነው። ትልቅ ፖሊፕና ካንሰር በቀላሉ ይደማሉ፤ ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደሙን ያቆየዋል፣ ላቦራቶሪው ደግሞ የሰውን ሄሞግሎቢን (ደምን የሚያቀላውን ፕሮቲን) ብቻ በሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ይለካዋል። ከጨጓራ የሚመጣ ደም መንገድ ላይ ስለሚፈጭ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ሰገራ ላይ ደም የሚፈልገው የድሮው ምርመራ፣ የጓያክ ካርድ፣ ግን የበሬውንም ደም ከሰው አይለይም፤ ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው በሐሰት ፖዘቲቭ ሊወጣበት ስለሚችል ለ3 ቀን ቀይ ሥጋ ይከለከላል፣ ቫይታሚን ሲም ይቀነሳል። በኤፍአይቲ የምግብ ክልከላ የለም፤ በአስፕሪን ምክንያትም መድኃኒት አይቋረጥም። ይህ አንዱ ትልቁ ብልጫው ነው።

አሠራሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚበላሸውም በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ከሁሉ በፊት ሽንት ይሸናና ውሃው ይለቀቃል። ሰማያዊ ወይም ሽታ ያለው ማጽጃ ሽንት ቤቱ ውስጥ ከተንጠለጠለ ይነሳና ውሃው ሁለት ጊዜ ይለቀቃል። ወረቀቱ ውሃው ላይ ይነጠፋል፤ ወረቀት ከሌለ የሚጣል ዕቃ ይበቃል፤ ሰገራው ውሃ ሳይነካ ናሙናው መወሰድ አለበት። የጠርሙሷ ክዳን ተጠምዝዞ ሲነሳ ከሥሩ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ ቦይ ቦይ ያላቸው መስመሮች አሉ። በዚያ ጫፍ የሰገራው ገጽ ከተለያየ ቦታ ጫር ጫር ይደረጋል፤ ደሙ እኩል ስለማይሰራጭ አንድ ቦታ መውጋት አይበቃም። ልኩ ቦዮቹ እስኪሞሉ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ቢበዛ ይሻላል ብለን አንኳር እንጨምራለን፤ ኦሲ-ሴንሰር በሚባለው ጠርሙስ የሚፈለገው 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ሲበዛ ልኬቱ ይዛባል ወይም ናሙናው ይጣላል። ዘንጉ አንዴ ተመልሶ ገብቶ ቀጭ ካለ በኋላ አይከፈትም፤ ጥቂት ይነቀነቃል፣ በከረጢቱ ይታሸጋል።

ላቦራቶሪ ከሚመልሳቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ የሚመለሱት በሰገራው ሳይሆን በጽሑፉ ነው። ናሙናው የተወሰደበት ቀን ካልተጻፈ አይሠራም። አሜሪካ ወር ይቀድማል፣ አውሮፓ ቀን ይቀድማል፤ የእኛን አቆጣጠር የጻፈም አለ፤ ያ ናሙና እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ይጣላል። ስም ላይ ደግሞ የአባት ስም በአንዱ ወረቀት የመካከለኛ፣ በሌላው የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኪቱ ላይ የሚጻፈው ልክ ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ እንዳለው ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ። ሲመዘገቡ ጃንዋሪ 1 የተሰጣቸው አሉና ትክክለኛው ቀን ሌላ ቢሆንም እዚህ ወረቀቱን ይከተሉ።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ሄሞግሎቢን በሙቀት ይፈርሳል፤ የፈረሰ ደም አይታይም፣ ውጤቱም ያለ አግባብ "ኔጋቲቭ" ይሆናል። በጣሊያን የተደረገ ጥናት በበጋ የሚመለሱ ናሙናዎች ፖዘቲቭ የመሆን ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቴክሳስ፣ አሪዞና ወይም ላስ ቬጋስ የሚኖር ሰው በሐምሌ ጠርሙሷን መኪና ውስጥ ትቶ ሥራ ከሄደ ምርመራውን አልሠራም ማለት ይቻላል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ጊዜ ወስዶ፣ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ውስጥ ገብቶ መስጠት ጥሩ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው የብረት ሣጥን ፀሐይ ይመታዋል። ቶሎ መላክ ካልተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። የወር አበባ እየፈሰሰ፣ ኪንታሮት እየደማ ወይም ሽንት ላይ ደም እየታየ ከሆነ ጥቂት ቀን ይጠበቃል።

የውጤቱ ወረቀት የማይነግርዎ አንድ ነገር አለ፤ "ኔጋቲቭ" የሚለው ቃል ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ በአብዛኛው በአንድ ግራም ሰገራ 20 ማይክሮግራም ሄሞግሎቢን ከተገኘ ፖዘቲቭ ይባላል። ኔዘርላንድስ 47፣ ስኮትላንድ 80 ነው፤ እንግሊዝ በ2019 ወደ ኤፍአይቲ ስትዞር የጀመረችው በ120 ነበር። ልዩነቱን የሚወስነው በአብዛኛው አገሪቱ ስንት ኮሎኖስኮፒ መሥራት ትችላለች የሚለው ነው። ስለዚህ እንግሊዝ ያለ፣ ስኳርና ቦርጭ ያለበት ሰው "ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም" የሚል ደብዳቤ ቢደርሰውም፣ እዚያ በየሁለት ዓመቱ በሚላኩት ኪቶች መካከል ደም ካየ ወይም የሆዱ ጠባይ ከተለወጠ ቀጣዩን ኪት ሳይጠብቅ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ።

ኮሎጋርድ የሚባለው ሌላው የሰገራ ምርመራ ይሻል ይሆን? ማስታወቂያው ብዙ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሎጋርድ ከደሙ በተጨማሪ ከእጢ የሚረግፍ የዲኤንኤ ለውጥ ይፈልጋል። አሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 ሲፈቅደው መሠረት የሆነው ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች ኮሎጋርድ 92ቱን፣ አንድ ጊዜ የተሠራ ኤፍአይቲ 74ቱን እንደያዘ አሳይቷል። ወደ ካንሰር ሊሄዱ የተቃረቡ ፖሊፖችን ከሆነ ኮሎጋርድ 42 በመቶ፣ ኤፍአይቲ 24 በመቶ። በተቃራኒው ምንም አሳሳቢ ነገር ከሌለባቸው 100 ሰዎች ኮሎጋርድ 13ቱን፣ ኤፍአይቲ 5ቱን በከንቱ አስደንግጧል። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ለኮሎጋርድ የሚከፍለው ወደ 500 ዶላር፣ ለኤፍአይቲ 20 ዶላር ገደማ ነው። ግን ንጽጽሩ የአንድ ዙር ነው፤ ኮሎጋርድ በየ3 ዓመቱ፣ ኤፍአይቲ በየዓመቱ ስለሚሠራ፣ ዘንድሮ ያመለጠውን ለሚመጣው ዓመት የመያዝ ዕድል አለ። በየዓመቱ እንደማያደርገው ለሚያውቅ ሰው ኮሎጋርድ ይሻለዋል። ሣጥኑ ግን ትልቅ ነው፣ ሙሉው ሰገራ ይላካል፣ ከተወሰደ በ24 ሰዓት ውስጥም መላክ አለበት፤ ቅዳሜ ማታ መጀመር አይመከርም።

የኤፍአይቲ ጥቅም በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። ሰሜን ካሊፎርኒያ ያለው የጤና ድርጅት ካይዘር ፐርማነንቴ ኪቱን ለአባላቱ ቤት ድረስ በፖስታ መላክን ሥራዬ ብሎ ሲይዝ፣ ምርመራው በጊዜው የተሠራላቸው ሰዎች ድርሻ በ2000 ከነበረበት 39 በመቶ በ2015 ወደ 83 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ በአንጀት ካንሰር የሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እዚያም ቢሆን ውጤቱን ያመጣው ከጠርሙሷ በስተኋላ የቆመው ኮሎኖስኮፒ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። ፖዘቲቭ የወጣበት ሰው "ኪንታሮቴ ነው" ብሎ ኪቱን ይደግመዋል፤ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ሲሆን ይተኛል። ፖሊፕ ቀን አርፎ ቀን ስለሚደማ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ጥናት ኮሎኖስኮፒው ከ10 ወር በላይ ሲዘገይ ካንሰሩ የመገኘትና የመክፋት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከክፍያ ፍርሃት ከሆነ፣ ከ2022 አጋማሽ በኋላ በጀመረ የግል ኢንሹራንስ ውልና ከ2023 ጀምሮ በሜዲኬር ከፖዘቲቭ ውጤት በኋላ የሚሠራ ኮሎኖስኮፒ እንደ ቅድመ ምርመራ ይቆጠራል። ሒሳብ ቢመጣ ደውሎ "ይህ ከፖዘቲቭ የሰገራ ምርመራ የተከተለ ነው" ማለትና ኮዱ እንዲስተካከል መጠየቅ ይገባል። ሲደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ስኳር ያለበት ሰው ለኮሎኖስኮፒ ሲዘጋጅ ጥንቃቄው ይበዛል። አንጀቱ ቀስ ብሎ ስለሚጸዳ ካሜራው ቆሻሻ ላይ ይደርስና ምርመራው እንዲደገም ይታዘዛል። ማዕከሉ ከ1 እስከ 3 ቀን ቀለል ያለ ምግብ ካለ ሦስቱን ቀን መያዝ ይበጃል፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ከነፍሬው የተቀመጠ ቃሪያ ይቅር፤ ተልባና ሰሊጥ ከሁሉ በፊት፣ ፍሬያቸው የካሜራውን ቱቦ ይደፍናልና። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና የተላጠ ቅቅል ድንች ሁሉም የጾም ምግብ ስለሆኑ ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ውስጥ ቢወድቅም ችግር የለውም። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በዚህ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሲጨመር ስኳሩ በድንገት ይወርድበታል። ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ስኳርን በየጥቂት ሰዓቱ መለካትና የፖም ጭማቂ አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ቀይና ሐምራዊ መጠጥ ግን ደም ስለሚመስል አይሆንም። ጃርዲያንስ ወይም ፋርክሲጋ የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚወስድ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ይናገር፤ እነዚህ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ቀን በፊት ይቋረጣሉ፤ ካልተቋረጡ ስኳሩ ደህና መስሎ ሳለ ደም በአሲድ ሊሞላ ይችላል። የኢንሱሊኑን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ዘመድ አይደለም። የሚጠጣው መድኃኒት ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ በዋዜማው ማታ፣ ግማሹ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት በፊት። ሌሊት መነሳት ቢያስፈልግም ሁለተኛው ግማሽ አይዘለልም።

ኪቱ አደጋውን ይፈልጋል እንጂ አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው ወገቡ ሲጠብ፣ እግር ሲንቀሳቀስና ማዕዱ ሲስተካከል ነው። እዚህ ላይ የእኛ ምግብ ያኮራል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 15 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው፤ በቀን 10 ግራም አሰር መጨመር አደጋውን 10 በመቶ ገደማ ዝቅ ከማለቱ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና አሳይቷል። የሚጎዳው ጠዋት የሚያዘው የሶሴጅና የካም ሳንድዊች ነው፤ በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ አደጋውን 18 በመቶ ይጨምራል። ጨው ተነስንሶበት የደረቀ ቋንጣም በትርጉሙ እዚያው ይመደባልና ለበዓል ቢሆን ይመረጣል።

ለማን አንመክረውም? ሰገራው ላይ ደም ለሚያይ፣ ያለ ምክንያት ለከሳ፣ ብረት አንሶት ደም ማነስ ለተገኘበት ሰው ኪት ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ኮሎኖስኮፒ ይሠራ። ወላጁን ወይም ወንድም እህቱን ይህ ካንሰር የያዘበትም እንዲሁ፤ እሱ በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጀምራል።

እንግሊዝ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለው በየ2 ዓመቱ በራሱ በፖስታ ይመጣል፤ ቤት የቀየረ ሰው ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪሙ) ዘንድ አድራሻውን ካላስተካከለ ግን አይደርሰውም። እስራኤል ከ50 ዓመት ጀምሮ ኩፓት ሆሊም የሚባለው የጤና መድን ድርጅት በየዓመቱ በነጻ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ለሁሉም በፖስታ የሚላክ አገር አቀፍ መርሐ ግብር የለም፤ በግል ላቦራቶሪ "ኦከልት ብለድ" ተብሎ ሲታዘዝ ካርዱ ጓያክ ይሁን ኤፍአይቲ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጓያክ ከሆነ ሦስት ቀን ከሥጋ መከልከል አለ፤ ከፋሲካ ወይም ከገና ማግሥት ከመሥራትም ጾም ሳይፈታ መሥራት ይቀላል።